የሥዕል ክፍል ያልገባ ሠዓሊ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ርእሱን ራሳችን እንድንመርጥ በተውልን ጊዜ አንዳንዶቻችን ስለ እርሻ፣ አንዳንዶቻችን ስለ ጤና ጥበቃ እንናገር ብለን ነበር። በእነዚህ ነገሮች ላይ ግን ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች በየበዓሉ ተናግረዋል። በመጨረሻ የተስማማነው በክፍላችን ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ በሚነሣ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሌላ ትምህርት እየተማሩ፣ ሥዕልን በግል ጥረት ማሳደግና ለሕዝብ ማሳየት ይቻላልን? የሚል ነው።

በሹክሹክታ የሚነሣበትን ምክንያት ወላጆቻችን ታውቁታላችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመግቢያውን ፈተና ተፈትነን የምንማርበትን ክፍል እንመርጣለን። በዚያን ጊዜ «ሥዕል እወዳለሁ» ብሎ በአባቱ ፊት ደፍሮ የሚናገር ልጅ ጥቂት ነው። የመግቢያው ፈተና ሒሳብና እንግሊዝኛ ይጠይቃል እንጂ የእጅን ሥራ አይጠይቅም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ በመሥራቹ በአቶ አለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚቀበላቸው ተማሪዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከመካከላችን በደብተሩ ጀርባ የሚሥሉት ሁሉ ከሞላ ጎደል ወደ ምሕንድስና፣ ወደ ሕክምና፣ ወደ እርሻ ወይም ወደ መምህርነት መሄዳቸው የታወቀ ነው። የዛሬው ንግግራችን ለእነዚህ ነው። ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት የሚገቡት መምህር ያገኛሉና ለእነርሱ እኛ የምንጨምረው የለም።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለጋችን በፊት በአገራችን በጎጃም ያለውን እንይ። ጥቂቶቻችን ፊደል የቆጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ የቅኔን ቤት ከውስጥ አናውቀውም። ከአያቶቻችንና በጎረቤት ካሉ መሪጌቶች ግን ሥርዐቱን ጠይቀን ተረድተናል። የቅኔ ተማሪ ከየኔታ ዘንድ የቅኔውን መንገድ ከሰማ በኋላ ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ ቅኔ ይቆጥራል። በዚያ ማንም አይረዳውም። አእምሮው የራሱ መሥሪያ ቤት ነው። ወደ ማታ ተመልሶ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም የላላውን ያጠብቁለታል፣ የተሳሳተውን ያርሙለታል፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽመው ያፈርሱበታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማምጣት ነውር ነው። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ እንዲህ እየተገነባ ይሄዳል። ከዚያም አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ ሊቃውንቱ በተሰበሰቡበት፣ በጉባኤው ፊት ይዘርፋል።

እንግዲህ ሦስት ነገር አየን፤ ብቻ መቁጠር፣ ለሚያርም ሰው መንገር፣ በሕዝብ ፊት መዝረፍ። ከደብረ ኤልያስ እነ ዮፍታሔ ንጉሤን፣ ከእንዶዳም እነ ሐዲስ ዓለማየሁን ያወጣ ትምህርት ይህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ የተማሩት ከዚህ ከተማ በማይርቁት በእነ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ መሆኑ የተጻፈ ነው። የጎጃም ሰው ይህን መንገድ ለቃል ሲጠቀምበት ብዙ ዘመን አልፏል። ለቀለምና ለመስመርም ሊያገለግል የማይችልበት ምክንያት ግን አይታየንም። በግሉ የሚሠራ ሠዓሊ የሚያስፈልገው እነዚሁ ሦስቱ ናቸውና። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው አንዱን ብቻ ይዘን ሁለቱን ስለምንተው ነው። አንዱ ለዓመታት ደብቆ ይሥላል፣ ለማንም አያሳይም። ሌላው ሦስት ሥዕል ሠርቶ ወዲያው ግድግዳ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሰው ምሳሌ እንምጣ። (ዓመቶቹን ሙዚየሞች በሚጽፉት በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።) ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን ይጽፉና በሐረግ ያስጌጡ ስለነበር ልጁ ቀለምን ያየው በቤቱ ነው። በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገቡ የተመደቡበት ትምህርት ግን እርሻ ነበር። ወላጆቻችን ልብ በሉልን፤ የዛሬዎቹ ልጆቻችሁ የምንፈራውን ነገር እኒህ ሰው ከ70 ዓመት በፊት አይተውታል። ሁለት ዓመት ያህል ተምረው አቋረጡት። በዚያ ጊዜ በአገራችን የሥዕል ትምህርት ቤት ገና ስላልተከፈተ ሥዕልን በግላቸው ሲለማመዱ ቆዩ። በ1957 ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ኮሎኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመማር ዕድል ያገኙት ከዚህ በኋላ ነው። ዕድሉ በመጣ ጊዜ እጃቸው ባዶ አልነበረም።

በዚያ የነበሩት እስከ 1961 ነው። ከተመለሱ በኋላ በ1963 በአዲስ አበባ ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ተመልካቹ የለመደው ዓይነ ትልልቅ ቅዱሳንን፣ የዓድዋን ጦርነትና የንግሥት ሳባን ታሪክ ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ ያገኘው ግን ክብ፣ መስመርና ቀለም ነበር። ስለ ስቅለቱ የሣሉት «ጎልጎታ» በቀይ ቀለም የተጥለቀለቀ ነው። ብዙ ክርክር ተነሣ። ይህ ኢትዮጵያዊ አይደለም፣ የፈረንጅ ቅጂ ነው ያሉም ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ መልሰው መሣልና ማሳየት፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ማስተማር ቀጠሉ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተቀበሉ። ግጥምም ይጽፉ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኋላ በስደት ሄደው በ1981 በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ዐረፉ። በጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቻቸው ወደ አገር ተመልሰው፣ በስማቸው የተሰየመው ሙዚየም በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። እርሻ ሊማሩ የገቡበት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወራሽ መሆኑ ነው። ይህን ስናነብ ትንሽ ፈገግ አልን።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በኋላ ወደ ሥነ ጥበብ ዞረው በለንደን በስሌድ ተማሩ። በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽናቸውን ካሳዩ በኋላ ሥራዬን ጨረስሁ አላሉም። ወደ አውሮፓ ተመልሰው የመስተዋት ሥዕልን አጠኑ፣ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ያሉትንም የአገራችንን የብራና ሥዕሎች መረመሩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስተዋት ሥዕል የዚህ ጥናት ፍሬ ነው። የሩሲያው ካንዲንስኪም ሕግና ኢኮኖሚክስ ተምረው ለማስተማር ከተጠሩ በኋላ ሁሉን ትተው በ30 ዓመታቸው ሥዕል ለመማር ወደ ሙኒክ ሄዱ።

እዚህ ላይ እናቶቻችን ሲደነግጡ ይታየናል። ሦስት ሰው ጠራን፣ ሦስቱም የተላኩበትን ትምህርት የተዉ ናቸው! እውነት ነው፣ አንሸሽገውም። ነገር ግን ልጅ ሁሉ ትምህርቱን ይተው ለማለት አልመጣንም። ሳይተዉ የሠሩም አሉና። ለማ ጉያ በአየር ኃይል ሲያገለግሉ ሥዕልን በራሳቸው የተማሩ ሰው ናቸው። በፍየል ቆዳ ላይ እየሣሉ በቢሾፍቱ የራሳቸውን የሥዕል ቤት እስከ ማቋቋም ደረሱ። እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2020 ድረስ ሠዓሊ ተብለው ተጠሩ። ሁለተኛው ምሳሌ የውጭ አገር ሰው ነው። ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ የተባሉት ፖላንዳዊ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው በውኃ ቀለም ይሥሉ፣ የኢትዮጵያንም ሥዕል ታሪክ ያጠኑ ነበር። ከእኒህ ሰው ዘንድ በግል ሥዕል ይማር የነበረ አንድ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ልጅ በ1954 በኢዮቤልዩው የሥዕል ውድድር ሁለተኛ ወጣ፣ በማግሥቱም ዓመት ወደ ለንደን ተላከ። ያ ልጅ እስክንድር ቦጎሲያን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እስክንድር መምህር ያገኙበትን መንገድ እንወደዋለን። ሖይናትስኪ የሥዕል መምህር ተብለው የተቀጠሩ አልነበሩም። የመጻሕፍት ሹም ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሠዓሊም የሚነግርለት ሰው ሲፈልግ በክፍሉ ስም ብቻ አይፈልግ። የሕንፃ ንድፍ መምህሩ ስለ ጥላና ስለ ርቀት ያውቃሉ። የእጽዋት መምህሩ ቅጠልን ከሠዓሊ ይልቅ በጥንቃቄ አይተው ይሆናል። የሰውን አጥንትና ጅማት የሚያስተምሩት ሐኪም የእጅን ሥዕል ሲያዩ የተሰበረውን ጣት ወዲያው ያገኙታል። እኛም በዚህ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህራችን አንድን የፈረስ ሥዕል አይተው «ይህ ፈረስ በዚህ ጉልበቱ ከዚህ እስከ ሉማሜ አይደርስም» ብለው በሳቅ ገድለውናል። ሠዓሊው ጓደኛችን ግን በማግሥቱ ገበያ ወርዶ ጉልበት ሲያይ ዋለ።

የመሥሪያውን ነገር በአጭሩ እንናገር። ስቱዲዮ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ከላይ መስተዋት ያለው ሰፊ ክፍል ይመስላቸዋል። ብዙ ተማሪ አንድ ክፍል በሚጋራበት የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ይህ አይገኝም። የሚገኘው ከአልጋ በታች ያለ ካርቶን፣ በመስኮት በኩል ያለ አንድ ክንድ ቦታና ከእራት በኋላ ያለ አንድ ሰዓት ነው። ከሰል ከማድ ቤት ይገኛል። በሸራ ፈንታ አቡጀዲ በእንጨት ላይ ወጥሮ ሙጫና ነጭ ቀለም መቀባት ይቻላል። የእህል ማዳበሪያ ከረጢትም ተሞክሮ ሠርቷል። አባቶቻችን ቀለማቸውን ከጥላሸት፣ ከአፈርና ከእጽዋት ያወጡ ነበር። ብራናውንም ፍየል አርደው፣ ፍቀው፣ ወጥረው ራሳቸው ያበጁ ነበር። ስለዚህ በዕቃ ማጣት ማመካኘት ለእኛ ለጎጃም ልጆች አያምርብንም።

ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው ምን ልሣል? ለሚለው ራስን ማዘዝ ነው። በክፍል ውስጥ መምህር ያዝዛል፣ በግል ሥራ ግን የሚያዝ የለም። አሳባችን ይህ ነው፤ አንድ ነገር ይዞ ደጋግሞ መሥራት። ከዚህ ሆነን ጮቄን በየቀኑ እናያለን። በሐምሌ ደመና ውስጥ ነው፣ በመስከረም ከአደይ በላይ ሰማያዊ ነው፣ በየካቲት አቧራ ይለብሳል። አንዱን ተራራ ሃያ ጊዜ የሣለ ሃያ የተለያየ ነገር አንድ አንድ ጊዜ ከሣለው ይልቅ እጁን ያውቃል። በእያንዳንዱም ሥራ ጀርባ ቀኑን መጻፍ ይገባል። የመጀመሪያውንና የሃያኛውን ጎን ለጎን ባስቀመጠ ጊዜ መሄዱን ወይም በቆመበት መቅረቱን ያለ መካሪ ያያል። በፈተና ሰሞንም ሥዕሉ ይቁም፤ ይህን የምንለው ወላጆችን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። በጭንቀት የተሠራ ሥራ ኋላ ሲታይ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ማሳየቱ ደረስን። ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጅ ቀን የተማሪዎች የግጥም ውድድር ይደረግ እንደነበር ታውቃላችሁ። ግጥም የጻፈ ተማሪ ቀንና አድማጭ ነበረው። ሥዕል የሣለ ተማሪ ግን ግድግዳ ካልተሰጠው ሥራው በሣጥን ይቀራል። ሣጥን ውስጥ ያለ ሥዕል ደግሞ አይመለስም፣ አይጠይቅም፣ አይታረምም። ኤግዚቢሽን የትምህርቱ መጨረሻ ሳይሆን አንዱ ክፍል ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ሥዕሉ ከአልጋ በላይ ሲታይ ትልቅ መስሎ፣ በሰፊ አዳራሽ ግን ያንሳል። በሻማ ብርሃን ያማረው ቀይ በቀን ብርሃን ቡናማ ሆኖ ይገኛል። አጠገቡ በተሰቀለው ሥዕል የሚበላ ሥዕልም አለ። እነዚህን ሁሉ የሚያስተምረው ግድግዳው ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሰው ይመጣል። «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። በገብረ ክርስቶስ ላይ የተነሣው ጥያቄ በእኛም ላይ መነሣቱ አይቀርም። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ብዙዎቹ ስማቸውን አይጽፉም ነበርና ለዚህ ጥያቄ በአካል የመቆም ግዴታ አልነበረባቸውም። ዘመኑ ግን ተለውጧል። የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ቄስ አዳሙ ተስፋው የቤተ ክርስቲያንን አሣሣል የተማሩ ሠዓሊ ናቸው። በ2005 በሎስ አንጀለስ በፋውለር ሙዚየም የሳቸው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ በስማቸው ለሕዝብ ታየ። የቅዱሳንን ሥዕል በጥንቱ ሥርዐት የሣለ ቄስ ስሙን ጽፎ ከቆመ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ጮቄን የሣለ የእርሻ ተማሪ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ኤግዚቢሽን ለማድረግ ያሰበ ተማሪ ካለው ሁሉ ጥቂቱን ይምረጥ። ከአርባ አሥራ ሁለቱን መምረጥ ከመሣሉ ይልቅ ያስቸግራል፣ ያስለቅሳልም። የሥዕሉ መካከል በቆመ ሰው ዓይን ትክክል ይሰቀል። ከሥሩ ስም፣ ዓመትና የተሠራበት ዕቃ በትንሽ ወረቀት ይጻፍ። ረጅም ማብራሪያ መጻፍ ግን ተመልካቹን አላዋቂ ማድረግ ነው፤ ይህ የብዙዎቻችን አሳብ ነው፣ የማይስማማ ጓደኛም አለን። በበሩ አጠገብ የአስተያየት ደብተር ይቀመጥ፤ ማታም ለብቻ ይነበብ። «በጣም ቆንጆ ነው» የሚለው ብዙ አይጠቅምም። «ሰውየው ለምን እግር የለውም?» የሚለው ይጠቅማል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። ልጃችሁ ለክረምት ሲመለስ በሣጥኑ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ብታገኙ ለእሳት ማያያዣ አታድርጉት። «ይህ እንጀራ ይሆናልን?» ብላችሁ የምትጠይቁትም በፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ብዙ ጊዜ እንጀራ አይሆንም፤ የምንመርጠው ክፍል እንጀራውን ይስጠን። በሚሲዮን ቤት ሳለን ስለ ባስልኤል የተማርነው ግን ትዝ ይለናል። በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ ጥበብን የተሞላው እርሱ በሙሴ ዘመን ነገድና ስም ተጠርቶ ተጽፏል። የእጅ ሥራ በቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ የተከበረ ሆኖ በእኛ ቤት የሥራ ፈት ነገር ሲባል እናዝናለን።

ክቡር ርእሰ መምህር፤ ለእርስዎም አንድ ልመና አለን። ከዚህ ዓመት በኋላ እንበታተናለን። አንዳንዶቻችን እዚሁ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እንቀር ይሆናል፤ ሌሎቻችን ዓባይን ተሻግረን እንሄዳለን። ሥዕል የምንሠራው ተማሪዎች ዘጠኝ ነን፤ አምስት ወንዶችና አራት ሴቶች። እርስ በርሳችን ቃል ተጋብተናል። በየወሩ አንድ ሥራ፣ ቀኑ በጀርባው ተጽፎ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ክረምት ድረስ። በጳጉሜ ይህ አዳራሽ ባዶ ነው፣ ወንበሮቹም ተደርድረው በአንድ ጥግ ይከማቻሉ። በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳ፣ መስኮት የሌለበትን፣ ለሦስት ቀን ቢፈቅዱልን ምስማሩንና ገመዱን እኛ እናመጣለን፣ ግድግዳውንም ኋላ በኖራ መልሰን እንቀባለን። የባዮሎጂ መምህራችንን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ ፈረሶቹን እንዲያዩልን ከአሁኑ ጋብዘናቸዋል።